የጣና ነጭ ዓሣ

የጣና ነጭ ዓሣ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በጣና ሐይቅ የሚኖሩና ላቤኦባርቡስ በሚባለው ወገን የሚመደቡ ትልልቅ ዓሣዎች የጋራ መጠሪያ ነው። በሳይንስ የተገለጹት ዝርያዎች ከ15 የማያንሱ ሲሆኑ አብዛኞቹ ከጣናና ከገባር ወንዞቹ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ቦታ አይገኙም። ከእነዚህ መካከል ቢያንስ ሰባቱ ከክረምት በፊት ያለውን ጊዜ በሐይቁ አሳልፈው ዝናቡ ሲበረታ ወደ ወንዞች በመውጣት እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ይህ ፍልሰት በጥልቀት ከተጠናባቸው ወንዞች ዋነኛው ጉማራ ነው። ጉማራ የሚመነጨው ከደብረ ታቦር ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ ከሚገኘው የጉና ተራራ ነው።

በሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር ከተጀመረ ወዲህ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ቁጥር በከፍተኛ ደረጃ ቀንሷል። ለዚህም ዋናው ምክንያት ዓሣዎቹ በየዓመቱ በታወቀ ወቅት በታወቀ ቦታ መሰብሰባቸው ነው።

ስምና ምደባ

«ነጭ ዓሣ» የገበያ ስም ነው። በባሕር ዳርና በአካባቢው ያሉ አስጋሪዎችና ነጋዴዎች ከጣና የሚወጣውን ዓሣ በሦስት ይከፍሉታል፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ። ቆሮሶ በሌላው ዓለም ቲላፒያ የሚባለው ነው። አምባዛ ቅርፊት የሌለው፣ ረጃጅም ሪዝ ያለውና ጠቆር ያለ ዓሣ ነው። ቅርፊታቸው ብርማ የሆነው የቀሩት ትልልቅ ዓሣዎች በሙሉ ነጭ ዓሣ ተብለው በአንድ ዋጋ ይሸጣሉ።

ሳይንሱም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ከገበያው ብዙም የተሻለ አልነበረም። ጀርመናዊው ተጓዥና የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከጣና የሰበሰባቸውን ዓሣዎች በበርካታ ዝርያዎች ከፍሎ ገልጿል። ከመቶ ዓመት በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 (እ.ኤ.አ.) በጂኦሎጂስቱ ጆቶ ዳይኔሊ የተመራ የጥናት ቡድን ወደ ሐይቁ መጣ። ከቡድኑ ጋር የተያያዘው የቢኒ ጽሑፍም በ1940 ታትሞ ሌሎች ዝርያዎችን ጨመረ። ላቤኦባርቡስ ዳይኔሊ የተባለው ዓሣ ስሙን ያገኘው ከቡድኑ መሪ ነው። ላቤኦባርቡስ ጎርጎሬንሲስ ደግሞ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ ካለችው ከጎርጎራ ስሙን ወስዷል። ነገር ግን በ1973 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊው ኪት ባኒስተር የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ትልልቅ ባርቦች ሲከልስ የጣናዎቹን በሙሉ በአንድ ዝርያ ጠቅልሎ መደባቸው። በእሱ አስተያየት የመልክ ልዩነቱ በአንድ ዝርያ ውስጥ የሚታይ መለዋወጥ ብቻ ነበር።

ይህ አስተያየት እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቆየ። በዚያን ጊዜ ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ የተባሉ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከአስጋሪዎች ጋር እየሠሩ ዓሣዎቹን በመልክ፣ በምግብና በመኖሪያ ጥልቀት ለይተው አጠኗቸው። በ1997 እና በ2000 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው ሥራዎችም የተለያዩ ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ፤ አዳዲሶችንም ጨመሩ። ነገሩ የስም ክርክር ብቻ አይደለም። ዓሣው አንድ ዝርያ ነው ከተባለ አንዱ ዓይነት ከሐይቁ ቢጠፋ በመዝገብ ላይ የጠፋ ነገር አይኖርም። ገበያው ዛሬም ነጭ ዓሣን በአንድ ስም ስለሚመዝን በሚዛኑ ላይ የትኛው ዝርያ እየቀነሰ እንደሆነ አይታይም።

ወገኑ ቀደም ሲል ባርቡስ ይባል ነበር። ላቤኦባርቡስ ተብሎ የተለየው ከሌሎቹ ባርቦች በክሮሞዞም ብዛት ስለሚለይ ነው። የላቤኦባርቡስ ዓሣዎች በሴላቸው ውስጥ ስድስት ድርብ፣ በጠቅላላው 150 ገደማ ክሮሞዞም አላቸው።

አካልና አመጋገብ

ነጭ ዓሣዎች የካርፕ ቤተሰብ አባላት ናቸው። የዚህ ቤተሰብ ዓሣዎች በመንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ምግባቸውን የሚፈጩት በጉሮሯቸው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ነው። ለይቶ የሚታወቅ ጨጓራም የላቸውም። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ ካሉት እጅግ ብዙ የካርፕ ዘመዶች ሌላ ዓሣ አድኖ የሚበላው ጥቂት ነው። በጣና ግን ስምንት የሚሆኑ ዝርያዎች ዋና ምግባቸው ዓሣ ነው። የሐይቁን ተመራማሪዎች በጣም ያስገረመውም ይህ ነው።

ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ ከሐይቁ አመጣጥ ጋር የተያያዘ ነው። ጣና የአባይን ጥንታዊ መውጫ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ በዘጋው ጊዜ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ የሚገኘው የጢስ እሳት ፏፏቴ ደግሞ የታችኛው አባይ ዓሣዎች ወደ ላይ እንዳይወጡ ያግዳል። ስለዚህ እንደ ናይል ፐርች ያሉ ኃይለኛ አዳኞች ሐይቁ ውስጥ አልገቡም። ክፍት የቀረውን ቦታ ከወንዝ የመጡት ባርቦች ተከፋፈሉት።

አከፋፈላቸው በአካላቸው ላይ ይነበባል። ላቤኦባርቡስ ሜጋስቶማ ስሙ «ትልቅ አፍ» ማለት ነው፤ ሰፊ አፉን ከፍቶ ትንንሽ ዓሣዎችን ያሳድዳል። ላቤኦባርቡስ ማክሮፍታልመስ ዓይኑ ትልቅ ነው። ላቤኦባርቡስ ትሩቲፎርሚስ ቀጭንና ረጅም ሰውነት ስላለው በቀዝቃዛ አገሮች ከሚኖረው ትራውት ጋር ተመሳስሎ ስሙን አግኝቷል። ላቤኦባርቡስ ኔድጂያ ወፍራም ሥጋማ ከንፈር አለው፤ በድንጋይ መካከል የነፍሳት እጮችን ይለቅማል። ጎርጎሬንሲስ ቀንድ አውጣ ይሰብራል። ሱርኪስ የውኃ እጽዋትን ይበላል። ከሁሉም ትንሹ ብሬቪሴፋለስ የሚመገበው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቂቅ እንስሳትን ነው። ላቤኦባርቡስ ኢንተርሜዲየስ ግን ያገኘውን ሁሉ የሚበላ፣ ከጣና ውጭም በሰፊው የሚገኝ ዝርያ ነው። የቀሩትን ያስገኘውም ዛሬ ኢንተርሜዲየስን የሚመስል የወንዝ ዓሣ እንደሆነ ይታሰባል።

ከአንድ ወላጅ ተገኝተው በአንድ ሐይቅ ውስጥ ወደ ብዙ ዝርያ የተከፈሉ ዓሣዎች በምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች በብዛት ይታወቃሉ፤ እነዚያ ግን የቲላፒያ ዘመዶች ናቸው። በካርፕ ቤተሰብ ውስጥ ከጣና ጋር የሚወዳደር ታሪክ የነበረው በፊሊፒንስ የሚንዳናዎ ደሴት የላናዎ ሐይቅ ነው። በዚያ ከነበሩት ዝርያዎች 15ቱ መጥፋታቸውን ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2020 (እ.ኤ.አ.) አስታውቋል። ዋና ምክንያቶቹ ከውጭ የገቡ ዓሣዎችና ከልክ ያለፈ ማስገር ነበሩ። ስለዚህ በዚህ ዓይነቱ የዓሣ ስብስብ ደረጃ ጣና ብቻውን ቀርቷል።

ከጉና እስከ ጣና

ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጥንታዊ የእሳተ ገሞራ ተራራ ሲሆን በፋርጣ፣ በእስቴና በላይ ጋይንት ወረዳዎች መካከል ይገኛል። በአናቱ ጓሳ፣ አስታና ጅብራ ይበቅላሉ፤ ሌሊት ይወርጫል። ከጉና የሚወርደው ውኃ ብዙ አቅጣጫ ይይዛል። ለጣና ሐይቅ ዋና የሆኑት ጉማራና ርብ ሁለቱም መነሻቸው ይኸው ተራራ ነው። ርብ በሰሜን በኩል ዞሮ ሲሄድ ጉማራ ወደ ምዕራብ ወርዶ የደራንና የፎገራን መሬት አቋርጦ ወደ ሐይቁ ይገባል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ጉማራ በአጭር ርቀት ውስጥ ብዙ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። የላይኛው ክፍሉ ድንጋያማና ፈጣን ሲሆን ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድ ከሚያቋርጥበት ድልድይ በታች ደግሞ በፎገራ ሜዳ ላይ እየተጠማዘዘ በዝግታ የሚሄድ ጭቃማ ወንዝ ይሆናል። በክረምት ከዳርቻው አልፎ ሜዳውን ያጥለቀልቃል። በ2006 (እ.ኤ.አ.) በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቅሏል።

ጣና ራሱ ሰፊ ቢሆንም ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ትልቁ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ያህል ነው። የሐይቁን ውኃ አብዛኛውን የሚያመጡት ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ናቸው። የአካባቢው ሰው ሐይቁን «ባሕር» ማለቱ የተለመደ ነው፤ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ከዚያው ነው። ከደጋው ለሚወርድ ሰው የሐይቁ ዳር ሞቃት አገር ነው፤ ለዓሣውም ብርሃን የሚደርስበትና ምግብ የሚበዛበት መኖሪያ ነው። የሚጎድለው አንድ ነገር ቢኖር ለአንዳንዶቹ ዝርያዎች እንቁላል የሚሆን ቦታ ነው።

ፍልሰት

እንቁላል በጭለማና በጭቃ ውስጥ ሲቀበር አየር ያጥረዋል። ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሣዎች የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ የጠራ ውኃ፣ ፈጣን ፍሰት እና ጠጠራማ ወለል። በጠጠሩ መካከል የሚሾልከው ውኃ እንቁላሉን ያለማቋረጥ ኦክስጅን ይመግበዋል፤ ጠጠሩም ከሚበሉት ይሸሽገዋል። ይህ በሐይቁ ውስጥ እምብዛም አይገኝም፤ በጉማራ ዋናው ወንዝም ቢሆን በክረምት ውኃው ስለሚደፈርስ አይገኝም። የሚገኘው ከጉማራ ጋር በሚቀላቀሉ ትንንሽ ገባሮች ነው። በጥናት ከታወቁት የመራቢያ ገባሮች መካከል ዱካሊት፣ ኪዘንና ወንዙማ ይገኙበታል።

የጉማራ ጥናት እንደሚያሳየው ላቤኦባርቡስ አኩቲሮስትሪስ፣ ብሬቪሴፋለስ፣ ማክሮፍታልመስ፣ ሜጋስቶማ፣ ፕላቲዶርሰስ፣ ትሩቲፎርሚስና ጻኔንሲስ በወንዝ የሚራቡ ናቸው፤ ኢንተርሜዲየስም ከእነሱ ጋር ይወጣል። ዝናቡ በሰኔና በሐምሌ ሲጠነክር የደረሱት ዓሣዎች ከሐይቁ ልዩ ልዩ ክፍል ወደ ወንዙ አፍ ይመጣሉ። እዚያ ተሰብስበው ይቆያሉ። ከዚያም በነሐሴና በመስከረም፣ ከፊሎቹም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ድፍርሱን ዋና ወንዝ አቋርጠው ወደ ገባሮቹ ይዘልቃሉ። ዝርያዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወጡም፤ አንዱ ሲበዛ ሌላው ገና ይሆናል። ይህ የጊዜ ልዩነት ዝርያዎቹ እርስ በርስ እንዳይዳቀሉ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ እንደሆነ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። በአንድ ሐይቅ ውስጥ አብረው የሚኖሩ የቅርብ ዘመዶች ተለያይተው የመቆየታቸው ምሥጢርም በከፊል እዚህ ላይ ነው።

ገባሮቹ በብዙ ቦታ ጥልቀታቸው ከጉልበት የማያልፍ ጅረቶች ናቸው። ዓሣው እንቁላሉን ከጣለ በኋላ ወደ ሐይቁ ይመለሳል፤ እንደ አንዳንዶቹ የሳልሞን ዓይነቶች ወንዝ ውስጥ አይሞትም። በመሆኑም አንድ እናት ዓሣ በሕይወቷ ደጋግማ ልትራባ ትችላለች፤ ያልተያዘች እንደሆነ። የተፈለፈሉት ጫጩቶችም ቀስ በቀስ ከወራጁ ጋር ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

የቀሩት ዝርያዎች፣ ለምሳሌ ጎርጓሪ፣ ሱርኪስ፣ ጎርጎሬንሲስና ኔድጂያ፣ በጉማራ የመራቢያ ቦታዎች አልተገኙም ወይም እጅግ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ በሐይቁ ውስጥ ወይም በዳርቻው እንደሚራቡ ይታሰባል። በሰሜን በኩል በመገጭ፣ በድርማ እና በአርኖ ጋርኖ ወንዞች በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተደረጉ ጥናቶችም ፍልሰቱ የጉማራ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል።

አሰጋገር

በጣና ዳርቻ ዓሣ በማስገር ረጅም ታሪክ ያላቸው ወይጦዎች ናቸው። ጀልባቸው ታንኳ ሲሆን የሚሠራው በሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው። ታንኳ ቀላልና ርካሽ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ከዳርቻም ብዙ አይርቅም። በዚህ ምክንያት የሐይቁ መካከልና ራቅ ያሉት የወንዝ አፎች ለብዙ ዘመን ከብርቱ ማስገር ተጠብቀው ኖረዋል።

በ1986 (እ.ኤ.አ.) በአንድ የኔዘርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅትና በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል ድጋፍ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ በጣና ተዋወቀ። ዓላማው የአካባቢውን ሕዝብ ምግብና ገቢ ማሻሻል ነበር፤ በዚህ በኩል ውጤት አምጥቷል። በዓመት የሚመዘገበው ምርት በ1987 ከነበረው 39 ቶን በ1997 ወደ 360 ቶን ደርሷል። በባሕር ዳር የዓሣ ምግብ ቤቶች በዙ፤ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ሥራ አገኙ። በኋላም በሐይቁ ሰሜናዊ ክፍል የደረቀ ዓሣ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን መላክ ተጀመረ።

የሞተር ጀልባ የለወጠው ርቀትን ነው። አስጋሪው በክረምት ወደ ጉማራ አፍ ደርሶ መረቡን መዘርጋት ቻለ። በሌላው ወቅት በሐይቁ ተበትኖ የሚኖረው ዓሣ በዚያን ጊዜ በአንድ ጠባብ ቦታ ይገኛል፤ ሆዱም እንቁላል ይዟል። ለነዳጁ ከፍሎ ለመጣ አስጋሪ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ወቅቱ በፎገራና በደራ አዝመራ ያልደረሰበት፣ ጎተራ የሚሳሳበት ጊዜም ነው፤ ይህን ሳያዩ አስጋሪውን ብቻ መውቀስ ነገሩን ማቅለል ይሆናል። የፍልሰታ ጾም ከነሐሴ 1 እስከ 15 የሚውለውም በዚሁ ወቅት መካከል ነው። በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ክርክር የቆየ ቢሆንም፣ በከተሞች ሥጋ ከገበታ ሲነሳ የዓሣ ፈላጊ እንደሚጨምር የታወቀ ነው።

በወንዞቹ ላይ ደግሞ ሌላ፣ ከሞተር ጀልባ እጅግ የቀደመ አሠራር አለ። የብርብራ ዛፍ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሣ ይደነዝዛል፤ ተንሳፎ በእጅ ይለቀማል። በፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ዓሣው በስንጥቡ የወሰደውን ኦክስጅን በሴሉ ውስጥ እንዳይጠቀምበት ያደርጋል። ጉዳቱ የሚመረጥ አይደለም። ለመራባት የወጣውን ትልቁን ዓሣም፣ አሁን የተፈለፈለውን ጫጩትም፣ ለዓሣ ምግብ የሚሆኑትን የነፍሳት እጮችም አብሮ ይገድላል። በገባሮቹ ላይ ወጥመድ መሥራትና ጅረቱን በድንጋይና በቅርንጫፍ መዝጋትም የተለመደ ነው።

በመንጠቆ ማጥመድ በጣና ቢኖርም ከመረብ ጋር ሲወዳደር የሚያስገኘው ጥቂት ነው። በሌላ አገር ግን የነጭ ዓሣ ዘመዶች ዝና የመጣው ከመንጠቆ ነው። በደቡብ አፍሪካ በቫልና በኦሬንጅ ወንዞች የሚኖሩት የላቤኦባርቡስ ዝርያዎች በሰው ሠራሽ ዝንብ ለሚያጠምዱ ሰዎች ተወዳጅ ናቸው። በዚህ ስልት መንጠቆው በላባና በክር ተጠቅልሎ ነፍሳት ወይም ትንሽ ዓሣ እንዲመስል ይደረጋል፤ በከባድ ክር ኃይልም ወደ ውኃው ይወረወራል። ስልቱ ከቀዝቃዛ ወንዞች ተነስቶ ወደ ሞቃታማ የባሕር ዳርቻዎችም ተስፋፍቷል። ብዙዎቹ አጥማጆች የያዙትን መልሰው ይለቃሉ፤ በደቡብ አፍሪካ ለወንዞቹ ጥበቃ ከሚሟገቱት መካከልም እነሱ አሉ። በኢትዮጵያ ይህ ስልት ከምንም በላይ የሚታወቀው በባሌ ተራሮች ነው፤ ዌብን በመሳሰሉ ወንዞች ከኬንያ የመጣ ትራውት ተለቆ ይኖራል። ጣና ትራውት የሚመስል የራሱ ዓሣ እያለው ለመዝናኛ አጥማጆች አለመታወቁ የሚያስገርም ነው። ይሁንና ይህ ዓይነቱ ማጥመድ በመራቢያ ገባሮች ላይ ከተደረገ ከመረብ የተለየ ጥቅም አይኖረውም፤ በደቡብ አፍሪካም ሆነ በሌሎች አገሮች ዓሣ እንቁላል በሚጥልበት ቦታ መቆም በአጥማጆች ዘንድ ነውር ነው።

የቁጥር መቀነስ

ማርቲን ደ ግራፍና ባልደረቦቹ በሐይቁ ደቡባዊ ክፍል በ1991 እና በ2001 (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰቡ ናሙናዎችን አነጻጽረዋል። በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሣዎች በክብደት ሲለኩ በዐሥር ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ያህል ቀንሰው ተገኙ። የወጣት ዓሣዎች መቀነስ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ 90 በመቶ ገደማ ነበር። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይልቅ አሳሳቢ ነው። ትልልቅ ዓሣዎች ብቻ ቢቀንሱ ኖሮ ብዙ ተይዟል ማለት ነበር፤ ወጣቶቹ ሲጠፉ ግን ተተኪ አልተወለደም ማለት ነው።

በተመሳሳይ ጊዜ ቆሮሶና አምባዛ እንዲህ አልወደቁም። ቆሮሶ ወንዝ መውጣት አያስፈልገውም፤ በዳርቻ ጥልቀት በሌለው ውኃ ይራባል፤ እናቲቱም እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ቶሎም ያድጋል። ነጭ ዓሣ ግን ዘግይቶ የሚደርስና በዓመት አንድ ወቅት ብቻ የሚራባ ነው። ወንዝ የማይወጡት የነጭ ዓሣ ዝርያዎችም የቅናሹ መጠን እንዲህ አልከፋባቸውም። መረቡ አንድ፣ ሐይቁም አንድ ሆኖ ሳለ የተጎዱት በተለይ የሚፈልሱት መሆናቸው ችግሩ ያለው በወንዙ አፍና ከዚያ በላይ መሆኑን ያመለክታል።

ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ መረብ ብቻ አይደለም። በጉናና በተዳፋቶቹ ላይ ገብስና ድንች ወደ ላይ ወደ ላይ እየተዘራ ሄዷል፤ ሣሩ ከተነሳበት ተዳፋት አፈሩ በመጀመሪያዎቹ የክረምት ዝናቦች ይታጠባል። ዓሣው እንቁላል የሚጥልበት ጠጠር በደለል ሲደፈን እንቁላሉ ይታፈናል። ለግንባታ የሚሆን አሸዋና ጠጠር ከወንዞች ማውጣትም ተስፋፍቷል፤ አሸዋ አውጪው የሚጭነው ራሱን የመራቢያውን ወለል ነው። በበጋ በፎገራ ሜዳ በሞተር ፓምፕ የሚደረገው መስኖ የጉማራንና የርብን ውኃ በእጅጉ ስለሚያሳንሰው በወንዙ የቀሩ ዓሣዎች በኩሬ ውስጥ ተወስነው በቀላሉ ይለቀማሉ። ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሐይቁ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ ደግሞ የፎገራን ዳርቻና የወንዝ አፎችን ጭምር ሸፍኗል።

ሕግና ጥበቃ

በፌዴራል ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የዓሣ ሀብት አዋጅ ከዚያ በኋላ አውጥቷል። መርዝና ፈንጂ ተጠቅሞ ማስገር የተከለከለ ነው። ጣና በ2015 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል። የጉና የላይኛው ክፍልም በማኅበረሰብ ጥበቃ ሥር እንዲሆን ተደርጓል፤ ይህ ከጓሳውና ከጅብራው ባለፈ ለዓሣውም ይጠቅማል ብሎ የሚያስብ ሰው ግን ብዙ አይመስልም።

ተመራማሪዎች ለዓመታት ደጋግመው ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው፦ በነሐሴና በመስከረም በወንዞች አፍና በመራቢያ ገባሮች ማስገር ይቁም፤ በሌላው ጊዜና ቦታ ይቀጥል። ሐይቁን በሙሉ መዝጋት አያስፈልግም። የአፈጻጸሙ ችግር ሁለት ነው። የመጀመሪያው ወራቱ የአስጋሪው ጥሩ ገቢ የሚያገኝባቸው መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ወንዙ በብዙ ወረዳዎች ማለፉ ነው፤ በአፉ የሚጠብቀው ሰውና በገባሩ ላይ ብርብራ የሚበትነው ሰው አይተዋወቁም። አንዱ ቢታቀብ ሌላው ይወስደዋል የሚል ጥርጣሬ ሁለቱንም ያስቸኩላል።

በርብ ወንዝ ላይ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከ70 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የመስኖ ግድብ ተገንብቷል። ነጭ ዓሣ በርብም ይወጣ ስለነበር ከግድቡ በላይ ያሉት ጅረቶች ለፍልሰቱ ተዘግተዋል። ዓሣ ግድብ እንዲያልፍ የሚረዳ ደረጃ መሰል መውጫ በሌሎች አገሮች ለሳልሞን ይሠራል፤ በዚህ ያህል ከፍታ ላይ ግን ሥራው አስቸጋሪ ነው፤ ባርቦችም እንደ ሳልሞን ዘላዮች አይደሉም። በጉማራም ላይ የመስኖ ግድብ ለመሥራት ጥናቶች ተካሂደዋል። በጉማራ ነገሩ የሚወሰነው በቦታው ነው፦ ግድቡ ከዱካሊት፣ ከኪዘንና ከወንዙማ በላይ ከሆነ ዓሣው መንገዱ አይዘጋበትም፤ የሚያሳስበው የክረምቱ ውኃ መጠንና ጥራት ይሆናል። ከእነሱ በታች ከሆነ ግን በሐምሌ ወደ ወንዙ አፍ የሚመጣው ዓሣ የሚወጣበት ገባር አይኖረውም።